የፍልፈሉ ጎተራ

ይድረስ በማርያም ግቢ ከትልቁ ጥድ ሥር ላረፍከው፣ ለቸኮሌ፤

እንደ ደብዳቤ ወግ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ማለት ነበረብኝ፤ ላንተ ግን ይህ ጥያቄ አይሆንምና የራሴን ልንገርህ። ከተለያየን ዓመት ከአሥር ቀን ሆነን። ጉልበቴ ያው ነው፣ ዳገት ሲያይ ይለግማል። መነጽሬን ዛሬም በቀን ሦስት ጊዜ እፈልገዋለሁ፤ ግንባርሽ ላይ ነው የሚለኝ ግን የለም።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። ትርንጎ ልጅህ ዳንግላ ጤና ጣቢያ እየሠራች ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣና ስትቆጣኝ ውላ ትመለሳለች። ቁጣዋ ከእኔ ነው፤ አንተን የመሰለችው ዝም ብላ ጉንዳን ስታይ ብቻ ነው። ዳማው ፈረስህ አርጅቷል። ከአጥሩ ሥር ቆሞ ወደ ቆሰበር የሚወስደውን መንገድ ያያል፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል። ሽጪው ያሉኝን ሁሉ አባርሬአቸዋለሁ።

የቀርቀሃው የውኃ መስመርህም አለ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ምን እንዳለህ አልረሳሁም፤ ቀጥ አድርጎ መዘርጋት እየተቻለ እንደ እባብ ያጣመመው ቀርቀሃ ቢተርፈው ነው አሉ። አንተ ግን ምንጩ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጠህ፣ በአውኝኛ ለብቻህ እያወራህ፣ ውኃ ሰው ሳያስገድደው በየት በየት እንደሚሄድ ስታይ ነበር የሰነበትከው። ቁልቁል የሚሮጥ ውኃ መስመሩን ይፈነቅላል፣ ሲዞር ግን አደብ ይገዛል አልከኝ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝና፣ አንተ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥክ ነህና፣ ይህ መጽሐፉ ላይ የለም ብዬ ተከራከርኩህ። በዚያ ክረምት የሁሉም መስመር ተፈነቃቅሎ የእኛ ብቻ ቀረ። የሳቁብህ ሰዎች ቀርቀሃ ተሸክመው ሲመጡ አንድም ቀን «ብያችሁ ነበር» አላልክም። እኔ ብሆን እል ነበር።

ፍልፈሉ ግን ሌላ ነገር ነው። አገሩ ሁሉ የሚረግመውን፣ ከመሬት በታች ድንቻችንን የሚጨርሰውን ሌባ አንተ መምህር አደረግከው። ያን ቀን ጉድጓዱን ተከትለህ ስትቆፍር ጎተራውን አገኘህ። ከእኛው ማሳ የሰረቀው ድንች ተከማችቶ፣ አንዱም አልበሰበሰም። እኛ ቤት ጥግ የከመርነው ግማሹ ተበላሽቶ ነበር። ጭቃው ላይ ቁጭ ብለህ እስክታለቅስ ሳቅህ፤ ሌባው ከባለቤቱ ይበልጣል እያልክ።

ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ጉብታውን ሰርስረህ ያንን ጎተራ ሠራህ። ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ዝቅተኛ በር፣ ከላይ ሙቀቱ የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ላይ ደግሞ ባርኔጣ የመሰለ የሣር ክዳን። ድንች ይተነፍሳል አልክ። አቤት የተሳቀብህ ሳቅ። የፍልፈል ደቀ መዝሙር የሚል ስም ወጣልህ። በማሳህ ላይ ፍልፈል አይገደልብኝ ስትል ደግሞ ሳቁ ወደ ጠብ ተለወጠ፣ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ድረስ። ከጥሊሊና ከአዲስ ቅዳም ድረስ እየመጡ አይተው የሚደነቁም ነበሩ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደነበርኩ ታውቃለህ፤ ፊት ለፊትህ እከራከርሃለሁ፣ ከጀርባህ የሚያማህን አልምርም።

የመጀመሪያው ዓመት ድንቹ ያንተን ቃል አከበረ። በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንድ ቤት ለመስከረም የሚተክለውን ዘር አምጥቶ አስገባ። አያ ዘለቀ፣ ጎረቤታችን፣ አብሮ አደግህ፣ ቤቱ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ያለውን ሁሉ አመጣ። ከዚያ የሆነውን አንተ አታውቀውም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ይህንኑ ልነግርህ ነው።

በዚያ ሐምሌ ትርንጎ ታማ ዳንግላ ወረድክ። በሦስተኛው ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከጎን እየገረፈ በክዳኑ ሥር ወደ ቀዳዳው ሲገባ አየሁ። ትዝ ያለኝ ራስህ ያሳየኸኝ ነገር ነው፤ ፍልፈል ጉድጓዱ ሲከፈትበት እየተጣደፈ በአፈር ይደፍነዋል። እንግዲህ ከፍልፈል ተማሩ ያልከን አንተ አይደለህ? ጭድ በጭቃ አቦክቼ ወጣሁና ቀዳዳውን ወተፍኩት። ባሌ የዘነጋውን እኔ ሞላሁለት ብዬ ኮራሁ፤ ቸኮሌ፣ እየዘፈንኩ ነው የወረድኩት። ስትመለስ ልነግርህ አስቤ ነበር። የትርንጎን መዳን ስታወራልኝ ወሬው በዚያው ቀረ፣ እኔም ረሳሁት።

በጳጉሜ የበሰበሰው የዘር ድንች ሽታ በበሩ ስንጥቅ ሲወጣ ገባኝ። አንተ ሰዎቹን ልትጠራ ስትሮጥ እኔ ወደ ጉብታው ሮጥኩ፤ ሰው ሳይደርስ ውታፉን ነቅዬ ከአጥር ወዲያ ወረወርኩት። ኃጢአቴ ይሄኛው ነው። መወተፌ አለማወቅ ነበር፣ መንቀሌ ግን ማወቅ ነው።

አንተም በአሥራ አንዱ አባወራ ፊት ባርኔጣህን አውልቀህ ቆምክ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፍልፈሉን በደንብ አላየሁትም አልክ። ፍልፈሉን! እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አጠገብህ ቆሜያለሁ። አያ ዘለቀ አልተሳደበም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታህን አልመለሰም። ሰውም ድንቹን ትቶ እርሻው ላይ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተከለበት። አንተ የሌለ ስህተት ፍለጋ እዚያ ቀዳዳ አጠገብ ስትቀመጥ፣ በእንጨት ስትለካ፣ ስትሰፋና ስታጠብ እስክትሞት ድረስ አራት ዓመት አየሁህ።

ለምን አልነገርኩህም? መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ዛሬ ነገ ስል ነገሩ ደረቀብኝ። ደግሞ እንደምትምረኝ አውቅ ነበር፤ በቶሎ፣ እየሳቅህ። እሱን መቻል አቃተኝ።

ቀብርህ ላይ የመጣው ፈረስ በጣት የሚቆጠር ነበር። እዚህ አገር ሰው ሲከበር ፈረሰኛው ሜዳውን ሞልቶ እንደሚያለቅስለት ታውቃለህ፣ አንተም ለስንቱ ጋልበሃል። የአያ ዘለቀ ፈረስ አልመጣም። ከሬሳህ ይልቅ በዚያ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ዲከረንሱን በሽታ መታው፣ ከቁሙ እየደረቀ ነው። ሰው ወደ ድንቹ እየተመለሰ ነው፣ ማስቀመጫ ግን የለውም። ያንተን ስጠቅስላቸው ያ የጨረሰን ጉድጓድ አሉኝ። እንዲያውም ከብት ይሰብራል፣ ይደፈን ብለው ተስማሙ። ለአንተ ክብር ሲሉ ሙት ዓመትህ እስኪያልፍ ታገሱ።

ሙት ዓመትህ በሐዋርያት ጾም ዋለ፤ ዝክሩ ሽሮና የድንች ወጥ ነበር። ቄሱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሰው በልቶ፣ ምርቃት ሳይጀመር ተነሳሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩበት ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጭዱን፣ ጭቃውን፣ አጥሩን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ትርንጎ ፊቷን ሸፈነች። አያ ዘለቀ ዱላውን አንስቶ ወጣ። ያኔ ያለቀልኝ መሰለኝ፤ አንተን ላድን ብዬ ራሴንም አጠፋሁ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳማው አጥሩ ሥር ሲያሽካካ ሰማሁ። ወጣሁ። አያ ዘለቀ ከበራችን ቆሟል፤ ፈረሱን ለለቅሶ እንደሚለበስ አልብሶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ። ከማርያም መምጣቱ ነበር፤ ጥዱን ሦስት ጊዜ እንደዞረው በኋላ ሰዎች ነገሩኝ። ከኮርቻው ኋላ አንድ ጆንያ የዘር ድንች ተጭኗል። የመጣሁት ለእሱ ነው፣ ካንቺ ጋር ገና ነኝ አለኝና ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ጎተራው ወረደ። እውነቱን ነው። ይቆይ፣ እጠብቃለሁ። ከእሱ በኋላ አራት ቤት ጨምሯል፤ ስለ መድፈን የሚያወራም የለም።

ክረምቱ ገብቷል። በየጠዋቱ እየተንፏቀቅሁም ቢሆን ጉብታው ላይ እወጣለሁ፤ ትርንጎ ትቆጣለች፣ ትቆጣ። ክዳኑን አነሳለሁ፣ ሣርም ድርም ካለ እጠርጋለሁ። በረዶ ቢዘንብ እንኳ ጃንጥላ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ እንጂ አልደፍነውም። ጉልበቴ እስካለ እኔ፣ ከእኔ በኋላ ደግሞ ልጅህ፤ አስምዬአታለሁ። አንተን የማስብበት ሌላ መታሰቢያ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት እጄን ቀዳዳው ላይ ዘርግቼ ቆየሁ። ሞቅ ያለ አየር መዳፌን ነካው። ይተነፍሳል፣ ቸኮሌ።

ያንተው
ስንዱ