የአባባ ራዲዮ ቁንጥጫ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ከተማ እኔ ያልነካሁት ራዲዮ ትንፍሽ አይልም። እሺ፣ በዚህ ሰፈር። እሺ እንግዲህ፣ በምሠራበት የጥገና ሱቅ ውስጥ፣ ያውም ባለሙያው ምሳ ሲወጣ። ይህን ደብዳቤ ግን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ በማታ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያሞቅኩት ወንበር ምስክሬ ነው። መምህራችን ፊደሎችህ የዝሆን ኮቴ ይመስላሉ ትለኛለች። ትበል። የዝሆን ኮቴ ከሩቅ ይታያል።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያመዎታል? እማዬ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት? ባለቤትዎ፣ መንትዮቹ፣ አክስቴ፣ ሁሉም ደህና? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ብቻዎን ያንብቡት።

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሰው ሳላስቸግር ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። አላፊ አግዳሚው እንዲሰማልኝ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ስደርስ ወደ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ለአባባ ራዲዮ ብዬ የላክሁትን ትራንስፎርመር ነቅለው የበር መደገፊያ አድርገውታል። ‹በጥንቃቄ ያዙት ባልከው መሠረት ይዘነዋል፤ እሱም በሩን ይዞልናል› ብለው ጽፈዋል። ወንድም ጋሼ፣ በቤታችን ቀልድ የእኔ ሥራ ነው።

በጥንቃቄ ያዙት ያልኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም። አምና ስልከው መጻፍ ስለማልችል ያጻፍኩት ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ነበር። ይህ ነገር ከተነቀለ እማዬን ይገድላታል ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። እሱ ለካ ለታላቅ ሰው እንዲህ አይጻፍም ብሎ ቃሉን ቀይሮታል። ትናንት ሄጄ ባፋጥጠው፣ አሳመርኩልህ እንጂ ምን አጠፋሁ አለኝ። ሱሪ ሲያጠብ እንጂ ቃል ሲያጠብ አይቼው አላውቅም ነበር።

እንግዲያው አሁን በራሴ ኮቴ ልጻፈው፤ ይገድላታል።

የአባባ ራዲዮ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንደ አምፖል በሚግሉ ብርጭቆዎች የሚሠራ የድሮ ዕቃ ነው። ሠሪዎቹ ወጪ ለመቀነስ ብለው ከግድግዳው ከሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱን በቀጥታ ከሆዱ ብረት ጋር አገናኝተውታል። ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ ያ ብረት በሙሉ፣ ማዞሪያዎቹ የሚገጠሙባቸው ዘንጎች ጭምር፣ ኮረንቲ ነው። በግድግዳውና በራዲዮው መሃል የሚገባው ትራንስፎርመር ውስጥ ግን ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አይነካኩም፣ ጉዳያቸውን የሚጨርሱት በመሃላቸው ባለው ብረት በኩል ነው። ራዲዮው ኃይሉን ያገኛል፣ ከግድግዳው ጋር ያለው ዝምድና ግን ይቋረጣል። ትንሽ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም፣ ማን ያላጉረመረመ አለ።

ባለሙያችንን እጅ በኪስ እንለዋለን። እንዲህ ያለ ራዲዮ ሲከፍት ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው። በሁለት እጅ ከነካህ ኮረንቲው በልብህ በኩል ያልፋል፤ አንድ እጅ ለሥራ፣ አንድ እጅ ለልጆቼ ይላል። መጀመሪያ ሳቅሁበት። አንድ ቀን እኔው ሁለቱንም እጄን ስሰድ ኮረንቲው ከወንበሬ አንስቶ መደርደሪያው ሥር ወረወረኝ፤ ሳቄን እዚያው ትቼው ተነሣሁ።

ይበልጥ ደሜን ያፈላው የነቀሉበት ምክንያት ነው። እኔ ከሄድኩ ወዲህ የድምፁ ማዞሪያ ጠፍቶ እማዬ ባዶውን የብረት ዘንግ ስታዞር ይቆነጥጣት ጀመር ብለውኛል። አባታችሁ ነው፣ ትንሹን አሰናበትሽው ብሎ ተቆጥቶኛል ትላለች አሉ። ዕቃ አጥባ ስትጨርስ በእርጥብ እጇ ሆን ብላ ትነካውና፣ አይዞህ ይመጣል ትለዋለች አሉ። ትራንስፎርመሩ ሲገባ ቁንጥጫው ቀረባት፤ አባታችሁን አስኮረፋችሁብኝ ብላ አለቀሰች። የእርስዎም አንጀት አልችል አለና ነቀሉት።

ወንድም ጋሼ፣ አንጀትዎ ስለራራ ነው እናታችንን ለኮረንቲ የሚሰጧት? አባባ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እጁን አንስቶባት ያውቃል? ሞቶ ነው መቆንጠጥ የሚጀምረው? ስምንተኛ ክፍል የደረሱት እኮ እርስዎ ነዎት። አንቱ እያሉ መቆጣት እንዴት እንደሚከብድ ዛሬ አወቅሁ፤ ታናሼ ቢሆኑ ኖሮ ወረቀቱ አይበቃኝም ነበር።

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በገባ ሰዓት፣ ጎርሰውም ከሆነ ሳይውጡ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ። ትራንስፎርመሩን ከበሩ ሥር ያንሱት። የእሱ ሶኬት ከግድግዳ፣ የራዲዮው ሶኬት ከእሱ። ለበሩ ድንጋይ ይፈልጉለት፤ አገር ምድሩ ድንጋይ ነው። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ማዞሪያ ልኬያለሁ፤ ዘንጉ ላይ ጥብቅ አድርገው ይግጠሙት። ከማክሰኞ ጀምሮ በሱቃችን ያሉትን ሦስት መቶ አሮጌ ራዲዮዎች በርብሬ ያገኘሁት ነው። ቁርጥ የእኛን ይመስላል፤ ጠርዙ እንኳ እንደዚያኛው ተሸርፏል። የአጋጣሚ ነገር።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ባለቤትዎን፣ ስለላከችልኝ ሹራብ እጅሽ ይባረክ ይበሉልኝ፤ እጅጌው ለዝሆኑም ይበቃል። መንትዮቹን በንባብ እንደበለጥኳቸው ይንገሩልኝ። እሺ፣ እንደደረስኩባቸው። አክስቴን ጮክ ብለው ሰላም ይበሉልኝ፤ በደህናው ጆሮዋ በኩል።

ልፈርም ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከላይ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። ማዞሪያው ከሱቅ አይደለም። የአባባ ነው። የሄድኩ ዕለት እናንተ ሻንጣዬን ስትጭኑ ተመልሼ ገብቼ የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ የእሱ ጣት ያለዘበው አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ። ሦስት ዓመት ኪሴ ውስጥ ኖረ። ሥራ ላይ ግራ እጄን ኪሴ ስከት የምጨብጠው እሱን ነበር።

ይህችን መጨረሻዋን ግን ለእማዬ ያንብቡላት። አባባ አልተቆጣሽም። የቆነጠጥኩሽ እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድምዎ

ከሱቁ የኋላ ጠረጴዛ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ አራተኛው ቀን