እግሩን ሰማይ ስለሰቀለው ፈረስና ስለታሸገው ሱቄ

ለተከበሩ የዕቃዎች ትክክለኛነት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ሲለዩ የሚውሉ ዓይኖች ምን ያህል እንደሚደክሙ ስለምገምት ይህን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ። እኔ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ቦርሳ የሰፋሁ፣ ባለፈው ሳምንት ሱቄን በሰም ያሸጉብኝ ሰው ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት የስፌት መኪና እዚያው ውስጥ ስለተቆለፈ ለመጻፍ ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ስለ ዕረፍቱ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ሦስቱን አብሮ አደጎቼን የዓመቱ አርአያ ነጋዴዎች ብለው ስለሸለሙልን ደስታችን ወሰን የለውም። አንዱ የታክሲ ረዳት፣ አንዱ ደላላ ነበሩ፤ ሦስተኛው፣ ሽቶ የምንለው፣ ሥራው ምን እንደሆነ እናቱም አታውቅም። ለዘመድ ስጦታ ነው ብለው ምልክት የሌላቸው ሠላሳ ቦርሳዎች አሰፉኝ፤ እኔም ጓደኞቼ ናቸው ብዬ አመንኳቸው፤ ሞኝነቴን አልክድም። ከዚያ የአንድ ስመ ጥር ፋብሪካ ምልክት የሆነውን ወርቃማ ፈረስ አስመስለው አሠርተው እየለጠፉ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው እያሉ ለትልልቅ ሰዎች ሸጡት። ታዲያ ሽቶ የመጀመሪያውን ፈረስ ገልብጦ ለጠፈ፤ ሁለቱም እሱን እያዩ ሃያ ዘጠኙን ለጠፉ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የእኛዎቹ በሚያውቋቸው ሰፈር ጠየቁ፣ እርስዎም አነጠፉላቸው፤ ቁርበቱ ግን የእኔ ነበር።

ሁለተኛ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከሠላሳው አንዱን በስጦታ ተቀብሎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ «የእውነተኛ ቦርሳ ናሙና» ብሎ ማስቀመጡን ሳላደንቅ አላልፍም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሱ በእግሩ የቆመ ቦርሳ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ይወረሳል። አንዲት ሐኪም ከራሱ ከፋብሪካው የገዛችበትን ደረሰኝ ብታሳይ፣ ተቆጣጣሪዎ «እመቤት፣ ምን ላድርግ፣ ፈረስዎ ቆሟል» ብለው መለሱላት። ፍርድ ማለት ይህ ነው!

ሦስተኛ፤ የእኔ ቦርሳዎች የቆመም የተጋደመም ፈረስ የላቸውም። እርስዎ ግን «ምልክቱን ሆን ብሎ የሸሸገ» የሚል ወንጀል ፈልስፈው ሱቄን አሸጉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል። የሰው ስም ሳልሰርቅ ሌባ ተባልኩ፤ የሰረቁት ደግሞ ከእርስዎ ጋር ፎቶ ተነሥተው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ።

ማስረጃ ከጠየቁኝ ሩቅ አይሂዱ። በምሠራው ቦርሳ ሁሉ ከገበሩ ሥር ከአባቴ የሥራ ሽርጥ የተቀደደች ሰማያዊ ቁራጭ እሰፋለሁ፤ ማንም እንዲያያት አይደለም፣ የእሱ እጅ እንዳይለየኝ ብዬ ነው። ናሙናዎን ከሣጥኑ አውጥተው ገበሩን ይፍቱት። ቁራጯን ካጡ ሱቄ እንደታሸገ ይቅር። ካገኟት ግን የስፌት መኪናዬን ይመልሱልኝ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሰሙ እንዲሰበር፣ ክብርዎ ግን እንደ ፈረሱ እንዳይገለበጥ እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስኪያመኝ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የታሸገው ሱቅ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ትናንት ባለቤትዎ ቦርሳቸውን ይዘው ሱቄ በር ድረስ መጥተው ነበር። ማጣበቂያው ለቅቆ ፈረሱ ወድቆባቸዋል። «ወንድሜ፣ በዚሁ አጋጣሚ አቃንተህ ለጥፍልኝ፤ መገልበጡን ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፣ ባለቤቴን ላለማሳፈር ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ። በሩ ላይ ያለውን ፊርማዎን አሳይቼ በይቅርታ መለስኳቸው። ሱቁ በተከፈተ ዕለት አቃናላቸዋለሁ። ያን ጊዜ በመመሪያዎ መሠረት ቦርሳው ሐሰተኛ ስለሚሆን፣ ከእጃቸው የሚወርሰውን ደፋር ተቆጣጣሪ ከወዲሁ ይምረጡ።