የአማቼ እጅ

ጥቅምት 4

ጠዋት መኪናዬን አጠብሁ። በገዛ እጄ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም። መኪና ማለት በሩ ሲዘጋ ድምፁ ደረት የሚሞላ ነው... ያሁኖቹ እንደ ካርቶን ኮሽ ይላሉ። የአማቼ ብርማ መኪና ከእነዚያው ወገን ናት፤ ስትነሣ እንኳ አትሰማም። ይቅር የምለው ለአለባበሱ ስል ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ። ጠበቃ እንዲህ ነው! ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት፣ ገና ሳይቀመጥ፣ በክራቫቱ አስተሳሰር ብቻ «ጨዋ ሰው ነው» ብዬ ፈረድሁ። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ያረመ ዓይን አይስትም።

ጥቅምት 7

የመታሻ ቀኔ። ሻማ የሚለኮስባቸው፣ ሽቶ የሚረጭባቸው የማሳጅ ቤቶች አይስማሙኝም። እኔ «መዶሻ» የሚሉት ወጌሻ ደንበኛ ነኝ። የቀድሞ ቦክሰኛ፤ ሁለት ሰው በቃሬዛ አስወጥቷል፤ አንደኛው አልተነሣም። የጀርባዬን ሕመም የሚያስታግሱት እነዚያው እጆች ናቸው። ለአማቼም በልደቱ ቀን የአሥር ጊዜ መታሻ ካርድ ገዝቼለት ነበር።

ዛሬ ክርኑን ትከሻዬ ላይ እንደተከለ...

«ጋሼ፣ አማችዎ ቦክስ ነክቶ ያውቃል?»

«ጠበቃ ነው። ብዕር ነው የሚነካው።»

«እጁን አሸሁታ! ከትንሿ ጣት በታች ያለው አጥንት ተሰብሮ ተጣሞ ገጥሟል። ያለ ጓንት የመታ እጅ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ግድግዳ መትቶ ይሆናል።»

«አንዴ ቢሆን እሺ። ይሄ ሁለት ሦስቴ የተሰበረ ነው።» ክርኑን ከትከሻዬ አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «ሰሞኑን ልጅዎን አይተዋታል?»

አፍህን ዝጋ አልሁት። ክራቫቴን ሳላስር ወጣሁ።

ጥቅምት 8

ምንም አልሠራሁም። ከትንሿ ጣት በታች...

ጥቅምት 11

ሳልደውል ልጄ ቤት ሄድሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እሷ አንገቷ ድረስ የተዘጋ ሹራብ ለብሳለች። እጅጌዋን ልሰበስብ ስል ክንዷን ነጠቀችኝ። ጠቁሮ አይቼዋለሁ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ሳቀች። ምን ዓይነት ሳቅ... «አባዬ! ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ? ነግሬህ አልነበር?»

«መቼ?»

የግቢው በር ተከፈተ። ፊቷ አመድ መሰለ። በጓሮ በኩል ገፍታ አስወጣችኝ። እኔም ወጣሁ። ለምን ወጣሁ?

ጥቅምት 12

ሆስፒታል። ሦስት የጎድን አጥንት፤ መንጋጋዋ ሁለት ቦታ። ጎረቤቷ ጩኸት ሰምታ በሩን ባታሰብር ኖሮ... ትናንት ባርኔጣዬን ጠረጴዛው ላይ ረስቼ ነበር። አገኘው። «አባትሽ መጥቶ ነበር? ምን ነገርሽው?» እያለ ነው አሉ የመታት።

አማቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ በረዶ መስሎ። «አባባ፣ ከደረጃ ወደቀች እኮ!» ፖሊሱ መቀመጫውን ለቆለት «ጌታዬ፣ ይረጋጉ» ይለዋል። እሱን! ያየው ልብሱን ነው። እኔስ ሌላ ምን አየሁ?

ቀኝ እጁን አየሁ። አብጧል።

ወደ መኪናዬ ወረድሁ። የጎማ መፍቻውን ብረት አወጣሁ። መጀመሪያ የብርማዋን መኪና መስተዋት... እየሮጠ መጣ። «ሽማግሌው አበደ! ያዙልኝ!» ያንኑ እጁን ዘረጋ። መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ጉልበቱን ደገምሁ። ከወደቀም በኋላ... አዎ፣ ከወደቀም በኋላ። ደስ አለኝ። ይህን አልሰርዘውም።

ጥቅምት 16

በዋስ ተፈታሁ። ዋሴ መዶሻ። የተጎዳ ትከሻዬን እያሸ «ጋሼ፣ በክንድ አይመታም፤ ከወገብ ነው። በሰባ አራት ዓመትዎ ጀማሪ ሆነው ያሳፍሩኝ?» አለ። ሳቅሁ፤ ሲያመኝ ተውሁ።

«በእኛ ሕግ ግን ወድቆ የተዘረረ ሰው አይነካም» አለ። እሱ አልሳቀም።

ኅዳር 20

አማቼ ተከሷል፤ ክዷል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ በስድስት ዓመት ትዳር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ፈጠራ ነው። የልጄ መንጋጋ እስካሁን በሽቦ እንደታሰረ ነው። በወረቀት ጻፈችልኝ፦ «ለአንተ ነግሬሃለሁ። ካቻምና፣ ግንቦት።»

የካቻምናውን ደብተር ገለጥሁ። ግንቦት 19። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ መኪናዬ ወንበር! አዲስ ቆዳ ስለማልበሴ፣ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ቀለሙ ድምቀት። ከሥሩ፦

«ልጄ መጣች። ባሏ እንደሚመታት ነገረችኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ አታስቆጪው ብዬ ወደ ቤቷ መለስኋት። በመንገድ ስታለቅስ ቆዳው እንዳይረጥብ መሐረቤን ሰጠኋት።»

የራሴ ጽሕፈት። አንድ ቃል እንኳ አልተሰረዘበትም።

ታኅሣሥ 6

ዐቃቤ ሕጓ ቀድሞ መናገሯን የሚያሳይ ከካቻምናው ደብተር በቀር ሌላ ማስረጃ የለንም አለችኝ። በችሎት ይነበባል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ባወጣትስ? ምላጭ አነሣሁ። ገጹ ላይ አሳረፍሁት... የተቀደደ ገጽ ማን ያምናል? ቆርጬ ብጥለው ባልዮው በነፃ ይወጣል። ለራሴ ክብር ስል ሁለተኛ ላስገድላት ነው?

ምላጩን በመስኮት ወረወርሁት።

ጥር 14

ራሴ አነበብሁት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ድምፄ ጠፋ፤ ዳኛዋ «ይድገሙት» አሉኝ። ደገምሁት። የአማቼ ጠበቃ ተነሣ፤ ልብሱ እንከን አይወጣለትም።

«መሐረቡን የሰጡት ለልጅዎ አዝነው ነው ወይስ ለወንበሩ?»

«ለወንበሩ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ልጄ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ከሰዓት በኋላ ጥፋተኛ ነው ተባለ። በካቴና ወጣ። የእኔ ቀጠሮ በሚመጣው ወር ነው፤ አልክድም።

ልጄን ደጅ ላይ አገኘኋት። «ላድርስሽ?» አልኋት... አመለጠኝ።

«እዚያች መኪና ውስጥ ዳግመኛ አልገባም፣ አባዬ። በእግሬ ነው የምሄደው።»

ሄደች። መኪናዬን እዚያው ትቼ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ተከተልኋት። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዞራ አየችኝ። ተመለስ አላለችኝም።