መንጋጋው ሥር የተሰበሩት ስድስት

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዝናብ። ካልሲዬ ድረስ ረጠብኩ። ከቴክኒሻናችን ከቶርላይፍ ጋር ሃያዎቹን ናሙናዎች በመጎተቻው ማሽን በጥሰን ጨረስን። የተልባ ቃጫ በሙጫ የተጋገረ... ለሶልቪካው የእግረኛ ድልድይ። አሥራ አራቱ መሐላቸው ላይ ተሰበሩ። ስድስቱ ማሽኑ የነከሰበት ቦታ፣ መንጋጋው ሥር። ቶርላይፍ ስድስቱን ወደ ቆሻሻ ሊጥል ሲል እጁን ያዝኩት።

«ምነው ፕሮፌሰር? መንጋጋ ሥር የተሰበረ አይቆጠርም። ሠላሳ ዓመት ስትጥዪ አልነበር እንዴ?»

ነበር...

ሐሙስ፣ ማርች 6
ስድስቱም ለሙከራ ውሃ ውስጥ ያከረምናቸው ናቸው። ስድስቱም! ከደረቆቹ እዚያ ቦታ የተሰበረ አንድም የለም። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ በማሽኑ እናመካኝ ነበር። ሙጫው ውሃ ሲጠጣ ቃጫውን ይለቃል፤ የተነከሰበት ቦታ አይችልም። ድልድዩስ ዙሪያውን በብሎን የተነከሰ አይደል? ይሄ ደግሞ በርገን ነው፤ ዝናብ መቼ ያባራል?

መንጋጋ ሥር የተሰበረ አይቆጠርም ያልኩበት የ1994ቱ ጽሑፌ... ስሜን ያስጠራው እሱ ነው። የድሮ ደብተሬን ገለጥኩ። «አልተቆጠረም»፣ «አልተቆጠረም»... በገዛ እጄ ጽሑፍ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ማርች 14
ዲናችን ስታይናር ምሳ ሰዓት መጣ። ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦዬን እንኳ አላስጨረሰኝም።

«የሙከራ መመሪያው መንጋጋ ሥር የተሰበረውን ጣሉ ይላል። የጻፍሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ራግንሂልድ!»

«ስለዚህ ስህተቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ድልድዩ ለብሔራዊ በዓሉ፣ ለሜይ አሥራ ሰባት ይመረቃል። ልጆቹ ባንዲራ ይዘው፣ ከነሙዚቃ ቡድናቸው ሊሻገሩበት ነው።»

«እኔስ ለእነሱ ብዬ አይደል?»

«ስድስቱን ጥለሽ ሪፖርቱን ፈርሚ። እውነቱ እያደር ይጠራል።»

እውነት እያደር ይጠራ ይሆናል። ድልድይ ግን እያደር ይበሰብሳል። አልፈረምኩም። ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ፤ በንዴት። እሺ... በፍርሃትም።

ረቡዕ፣ ማርች 19
የሃያውንም ውጤት፣ ስድስቱን ጨምሬ፣ ጽፌ ለከተማው አስተዳደር ላክሁ። ለመጽሔቱም፦ «የ1994ቱ ጽሑፌ ስህተት ነው፤ አንሱት።»

ቶርላይፍ፣ «በገዛ እጅሽ ራስሽን ቀበርሽ» አለ። ግን ፖስታውን ያደረሰው እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1
ከፕሮጀክቱ ተነሳሁ። የቤተ ሙከራውን ቁልፍም አስረክቢ ተባልኩ። «ኤፕሪል ዘ ፉል ነው?» አልኩት ስታይናርን። አልሳቀም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24
ድልድዩ እንደገና እስኪመረመር እንዳይከፈት ታገደ። ሱቅ ውስጥ ሰላም ያለኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17
የበዓሉ ሰልፍ በአሮጌው መንገድ ዞሮ ዳገቱን ወጣ። ሁለት ኪሎ ሜትር ትርፍ። ጎረቤቴ ኦዲል በባህል ልብሷ ላብ በላብ ሆና መጣችብኝ። ልጇ ቱባውን፣ ያን የሚያህል ጥሩንባ፣ ተሸክሞ ነው የወጣው።

«ደስ አለሽ?» አለችኝ።

በፊት ቢሆን አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር።

«በጣም! ልጅሽን ከዓመት ዓመት ያድርሰው፤ ከሚወድቅ ዳገቱን ይውጣ።»

ጽሑፌ ከመጽሔቱ ወርዷል። ስሜም አብሮት። ያማል፤ አልዋሽም። ሰኞ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ እንደ አዲስ ልጽፍ እቀመጣለሁ። ያዘዘኝ የለም።