ቡሬ የበላችው ለጋ ማሽላ

ሰኞ

ላሜን ቡሬን የገደልኳት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ ታደሰም ሳይሰማው ተቀበረ።

ዛሬ የኬሚስትሪ መጽሐፉን አቧራ ስጠርግ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ መዝገበ ቃላት ይዤ ጥቂት ጥቂት እገፋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሳነበው ግን ክፍል ገብቶ ሲያስተምር የምሰማው ይመስለኛል። የዛሬው ስለ ግላይኮሳይድ ነበር፤ ስኳር ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ አንድ ሲሆን ማለት ነው። ለምሳሌነት የተጻፈውን ቃል ፈልጌ አገኘሁት። ማሽላ።

ማክሰኞ

ደግሜ አነበብኩት። በለጋ ማሽላ ቅጠል ውስጥ መርዙ ከስኳር ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ስኳሩ እስካልተለየው ድረስ ዝም ይላል። ከብት ስታኝከው ግን ስኳሩ ይነጠላል፤ የቀረው ፈርሶ ሳያናይድ ይወጣዋል። ድርቅ መትቶት ከጉቶው ያቆጠቆጠው ይብሳል።

ስኳሩ ግሉኮስ ነው። ጥንቅሽ ውስጥም አለ።

ጥንቅሽ! ታደሰ ባኮ ሲያስተምር፣ ፀሐይ ስትበርድ ከጎረቤቴ ከአዴ ጫልቱ ጋር አጥር ሥር ቁጭ ብለን እንመጥ ነበር። “አንቺ የደጋ ሰው፣ ልጣጩንም ልትውጪው ነው?” ትለኛለች። ጭማቂው እስከ ክርናችን ይወርዳል። እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ

ቡሬን አባቴ ነው ከአገሬ ከደንዲ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣልኝ፤ ለልጄ ለሰናይት ወተት ብሎ። በዓመቱ ዝናብ ጠፋ፤ ሣር የለም። እኛ አገር ለጋ ገብስ አጭደን ለላም እንሰጣለን፤ ማሽላ አናውቅም። ጫልቱ ማሳዋ ላይ ያቆጠቆጠውን ማሽላ ስመኝ አይታ “ለላም አይሆንም፣ ተዪው” አለችኝ። ንፉግ መሰለችኝ። ገበያ ስትሄድ ጠብቄ አንድ እቅፍ አጨድኩ።

ቡሬ በልታ ሳትጨርስ ተንገዳግዳ ወደቀች።

ታደሰ “ትናንት በዓይኗ ስትበላት ነበር” አለ፤ ጫልቱን ማለቱ ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪው! እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ጫልቱ ብቅ ስትል ሰናይትን በነጠላዬ እሸፍናት ነበር። አምቦ እስክንዛወር ድረስ። ጫልቱ ነጠላውን ታየዋለች፤ ሰላም ብላኝ ትመለሳለች።

ሐሙስ

ሰናይት ከጊንጪ ደወለች። ሕፃኑ ትኩሳት ይዞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል። “አዲሷ ጎረቤቴ አይታው ነው። እንደዚያች እንደ ባኮዋ” አለችኝ እየሳቀች። ሴትዮዋን ግን ሁለተኛ ደጇን አታስረግጣትም። ቁርጥ አድርጋለች።

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በነጠላዬ።

ከባኮ በቆሎ የሚያመጣውን ነጋዴ ሄጄ ጠየቅኩት። ጫልቱ ደህና ናት፤ ስልኳንም ሰጠኝ። መደወል ግን አቃተኝ።

ዓርብ

ደወልኩ።

“አከም ጅርታ፣ አዴ ጫልቱ?”

“የሰናይት እናት! አልሞትሽም?”

ሁሉንም ነገርኳት። የስኳሩንም ነገር።

“ጉቶውን አይቼው ነበር እኮ” አለች። “በማጭድ ነው የተቆረጠው። ባኮ ውስጥ ያንን ለላም የሚያጭድ ካንቺ ሌላ ማን አለ?”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ብናገር ባልሽ ያምነኝ ነበር? አንቺ ትነግሪዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ።”

ይህ ወጋኝ። እሷው ናት የታደገችኝ፤ “ጥንቅሽ ደርሷል። ጥርስ ከቀረሽ ነይ” አለች። ብዙም አልቀረኝም አልኳት። ሳቋ ያው የድሮው ነው።

አሁን ቀለል ብሎኛል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የጫልቱ ስም የጠፋው እሷ ያለችበት አይደለም፤ ጊንጪ ነው፣ ልጄ አፍ ላይ። በስልክ ልናገረው ብሞክር እንደ ልማዴ ዝም እላለሁ። እነዚህን ገጾች ቀድጄ ነገ ጊንጪ ይዣቸው እሄዳለሁ። የምሰጣቸው ለሰናይት ነው። ልጄ፣ እዚሁ ፊቴ አንብቢያቸው። ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ፤ ጎረቤትሽን ግን ጥሪያት።