ሦስት ቀን የቆየ አበባ

መጋቢት 4
ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ሦስት ሳምንት። አፍንጫዬ ግን አልተመለሰም። ለማንም አልተናገርኩም... ሽቶ ቀማሚ ሆኖ «አይሸተኝም» ይባላል እንዴ?

ዛሬ የሙሽራዋን ሽቶ ሠራሁ። የጃስሚን አበባው ዘይት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ መቆየት አልነበረበትም፤ ይበሰብሳል። ረስቼው ሦስት ቀን ሞላው። አጠለልኩት፣ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት... ምንም። ከውሃ አይለይም። ይሁን ብዬ በደብተሬ ልክ ቀላቀልኩት።

መጋቢት 7
የሙሽራዋ እናት ጠርሙሱን ይዘው መጡ። «እናቴም እኔም ጃስሚን ተቀብተን ነው የተዳርነው። እናንተ ልጄን የምቀብራት መሰላችሁ?»

አለቃዬ ከፍታ አሸተተች። ፊቷ ተጨማደደ። ወዲያው አበባ ለቃሚያችንን አስጠራች። እትዬ ማለዳ እንላቸዋለን፤ ፀሐይ ከነካው ሽታው ይሄዳል ብለው ጎህ ሳይቀድ ነው የሚለቅሙት።

«ያደረ አበባ ነው ያመጡልን።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ጤዛው እንኳ አልደረቀም ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አይደለህ የተቀበልከኝ? አሽትተህ የለም? ንገራት እንጂ፣ ልጄ።»

«ትዝ አይለኝም» አልኩ።

ሃያ ዓመት የለቀሙ ሰው በሁለት ቃል ተባረሩ። ቅርጫታቸውን አንስተው ወጡ።

መጋቢት 8
ልጄ አሉኝ እኮ።

መጋቢት 11
ቤታቸው ሄድኩ። ልብስ እያሰጡ ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩት... አፍንጫዬን፣ ሦስቱን ቀን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አውቄው ነበር» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አንገትህን ስትደፋ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እዚህ ምን ያደርግልኛል? ስሜ የጠፋው እዚያ ነው።»

የልብስ መቆንጠጫ አቀበልኳቸው። አልተቀበሉኝም።

መጋቢት 12
ለአለቃዬ ነገርኳት። ሦስት ጠርሙስ ደረደረች። «የቱ ነው ጃስሚን?» የመሃለኛውን አነሳሁ። ኮምጣጤ ነበር። ትስቃለች ብዬ... አልሳቀችም።

«በዚህ አፍንጫ ነው ሴትዮዋን ያዋረድኩት?» አለችና ራሷ ልትጠራቸው ወጣች።

መጋቢት 20
ጠርሙስ አጣቢ ሆኛለሁ። ሲያንሰኝ ነው። ወንበሬ ላይ እትዬ ማለዳ ተቀምጠዋል። ለካ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ያሽቱት» ያላቸው የለም! እኔም አላልኩም። የሙሽራዋን አዲሱን ሽቶ አሽትተው ያሳለፉት እሳቸው ናቸው። እናትየዋ አሽትተው አለቀሱ አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ኋላ አብረው ሲስቁ ድምፃቸውን ብቻ ሰማሁ፤ ለመውጣት ፊት አጣሁ።

ከሰዓት እትዬ ያጠብኩትን አንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ቤታቸው ከሄድኩበት ቀን ወዲህ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

«ይሄ ገና ይሸታል። ድገመው።»

ምን ምን እንደሚል አልጠየቅኩም። «እሺ፣ እትዬ» ብዬ ደገምኩት።