በእህቴ ስም የታየ ሠላሳ አንድ ሰዓት ኢንተርኔት

ለክቡር አቶ ፍቅርተማርያም
«ካርቱም ሁለት» በተባለው ሰፈር የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ካርቱም፣ የካቲት 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ከስክሪን ለአፍታ የማይነቀል ዓይን ዱዓ ያስፈልገዋልና። እኔ ባለፈው እሑድ ከሥራ ያገዷት የጸሐፊዎ የኒዕማ ታናሽ እህት ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው፤ ያሳደገችኝ ካርቱም ናትና አማርኛዬ ዐረብኛ ዐረብኛ ቢልብዎ ይቅርታዎ አይለየኝ።

በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ኢንተርኔትን ለግል ጉዳዩ የሚጠቀምበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም» ብለው መጻፍዎን አነበብኩ። ትልቅ ሰው ያልገባውን ነገር በአደባባይ ሲያምን እንዴት ደስ ይላል! እንዳቅሜ ላስረዳዎ።

አንደኛ፦ እናታችን የምትኖረው ባቲ አጠገብ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያ ስትወጣ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ባለሱቅ ስልኩን ያውሳትና በኢሞ የኒዕማን ፊት ታያለች። ሰኞ ደግሞ እንደ እሑድ ሁሉ ካርቱም ውስጥ የሥራ ቀን ነው፤ ቢሮ የሚዘጋው ዓርብ ነው። የባቲን ገበያ ወደ ዓርብ የሚያዛውርልን ባለሥልጣን ስላላገኘን፣ እህቴ በሳምንት አሥራ ሁለት ደቂቃ ከእርስዎ ትሰርቃለች። ከአሥራ ሁለቱም ስምንቱ የሚያልቀው እናቴ «ከሳሽ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ስትላት ነው። ወንጀሉ ይኸው ነው፤ አልካድንም።

ሁለተኛ፦ የእገዳው ደብዳቤ የሚለው ግን በወር ሠላሳ አንድ ሰዓት ነው። ፓስዎርድ መያዝ ለማዕረግዎ ስለማይመጥን፣ ጠዋት ጠዋት «ኒዕማ፣ በስምሽ ክፈቺልኝ» ይሉ እንደነበር ቢሮው በሙሉ ያውቃል። ኮምፒውተር ደግሞ የዋህ ነው፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ አያይም፣ ስሙን ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ በኒዕማ ስም አርባ ሦስት የነጻ ትግል ግጥሚያ ታይቷል፤ ኒዕማ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሰው ናት። በኒዕማ ስም «ሽበት ያለ ቀለም ይጠቁራል ወይ?» ተብሎ ዘጠኝ ጊዜ ተጠይቋል፤ ኒዕማ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከመታገዷ በፊት በነበረው ማክሰኞ እርስዎ የሃያ ሰው ፓስፖርት አስይዘው ጀዋዛት፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ልከዋት፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ነበር፤ በዚያው ሰዓት ቢሮ ውስጥ በስሟ ስድስት ትግል ታይቶ አልቋል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ትጉህ ሠራተኛ ማባረር ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፦ የአጠቃቀሙን ዝርዝር አውጥቼ የሰጠሁዎ፣ የቢሮው ኮምፒውተር ሲበላሽ የማስተካክልልዎ እኔው ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ጠርተው «መስመሩን ልናሳድግ ስለሆነ ማን ስንት እንደሚጠቀም አውጪልኝ» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ፤ ሰባት ገጽ አተምኩ። «ያላ፣ አንቺ ልጅ ለአገር ትጠቅሚያለሽ!» ብለው አንድ ፔፕሲ ጋበዙኝ። በማግስቱ በዚያው ወረቀት እህቴን አገዷት። በገዛ እጄ እህቴን እንዳስከስስ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኒዕማ እስካሁን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የተያዘው በዚህ ሥራ ስም መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የፊታችን ሐሙስ የማኅበሩ ኮሚቴ እገዳውን ካጸደቀ፣ በወሩ መጨረሻ ካርቱም ውስጥ ያለ ወረቀት ትቀራለች። ስለዚህ ሰባቱን ገጽ ከነሰዓቱ፣ ጀዋዛት ከሰጣት የማክሰኞ ደረሰኝ ጋር አያይዤ ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ልኬያለሁ። ለወይዘሮ ባለቤትዎም አንድ ቅጂ አድርሻለሁ፤ ስለ ሽበቱ ማማከርዎን ሳያውቁ ቢቀሩ ቅር ይላቸዋል ብዬ ነው።

የሥራ ሰዓት ጠባቂያችን፣ የሥነ ምግባር አባታችን ሆይ፣ ዕድሜና ፈጣን ኢንተርኔት እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሉጥፊያ፣ የኒዕማ እህት

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ላይም ወጥቷል። ለማጥፋት እንዳይደክሙ፤ አምና ገጹን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ፓስዎርዱን ዛሬ ጠዋት ቀይሬዋለሁ። አዲሱን ለኒዕማ ነግሬያታለሁ። ኢንሻአላህ እሑድ ጠዋት ወንበሯ ላይ ሲያገኟት፣ በትሕትና ይጠይቋት።